ለመንገዱ ጉድጓድ የወጣው ቅሬ

ስለ ጉድጓዱ ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ላውራ፤ ጉድጓዱ የትም አይሄድም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ከጆንያ ላይ ነው። በጎልማሳነቴ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ስሠራ ጓደኞቼ የጨውን ጆንያ ከስኳሩ የሚለዩት ቀምሰው ነበር። እኔ ግን ላዩ ላይ የተጻፈውን እያየሁ መለየት ጀመርኩ። ከጆንያ ወደ ጋዜጣ አደግኩ። ጋዜጣውም ንፋስ እንዳያስገባ በየሰዉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነበርና የዓለምን ወሬ ግማሹን አንገቴን ወደ ጎን አዘንብዬ፣ ግማሹን ደግሞ ጎንበስ ብዬ በእግሮቼ መካከል እያየሁ ነው ያነበብኩት። ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ጽሑፍ ሳይደናቀፍ የሚያነብ ሰው በአውራጃው ከእኔ በቀር አልነበረም። ዛሬም ያለ አይመስለኝም።

ከዚህም ሌላ ከትግራይ ከመጡት ነጋዴዎች ጋር በትግርኛ እከራከራለሁ። የቆላ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ሲተርቱ ገብቶኝ እስቃለሁ፤ ሲያሙኝም ገብቶኝ እቆጣለሁ። ጨው፣ ላምባና ክብሪት የምሸጥባት ሱቅ ነበረችኝ። በሱቄ በር ላይ የተጣላ ይታረቅ ነበር። ምቀኞች ግን ያልተጣላውም እኔ ላስታርቀው ስገባ ይጣላል ይሉ ነበር። ምቀኛ የሌለው ሰው ምን ሠርቶ ነው?

ከተማችን በቆቦና በዋጃ መካከል የመኪና መንገዱን ግራና ቀኝ ይዛ የተቀመጠች ናት። ስሟን አልጠራም። ዘመኑ ስልሳ አምስት ወጥቶ ስልሳ ስድስት የገባበት ነው። ለወሎ ሰው ከዚህ በላይ መንገር አያስፈልግም። ለሌላው ግን ይህን ያህል ልበል፤ ማሽላው እንደቆመ ደረቀ፣ ከብቱ ማሽላውን ተከተለ፣ ሰውም ወደ መኪናው መንገድ ወጣ። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ግን “ረሃብ” የሚባል ቃል አይነገርም ነበር። “የዝናብ መዘግየት” ነበር የሚባለው። ዝናብ እንደ እንግዳ መንገድ ላይ የቆየ ይመስል።

ጉድጓዱ ከሱቄ ፊት ለፊት ነበር። ግማሹ በመኪናው መንገድ ላይ፣ ግማሹ ደግሞ በጣልያን ጊዜ በድንጋይ በተነጠፈው የእግረኛ መሄጃ ላይ ነው። የእግረኛው ድንጋይ እንደተጣላ ቤተሰብ አንዱ ከሌላው ርቆ ተበታትኗል። መሐሉ የሰው ቁመት ያህል ረዝሞ፣ እስከ ጉልበት ጠልቆ ተቦርቡሯል። መኪና በገባበት ቁጥር የሱቄ ክብሪት ከመደርደሪያው ይወርዳል።

ከጉድጓዱ ዳር ሰዎች ይቀመጡ ነበር። ዘሀራ የምትባል የቆላ ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ሁልጊዜ ከፊት ናት። ለምን እዚያ እንደሚቀመጡ እናንተ ከአሁኑ እወቁት፤ እኔ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። እህል የጫነ መኪና ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ይነጥራል። ሲነጥር ከተቀደደ ጆንያ እፍኝ ማሽላ ይፈስሳል። ዘሀራና ልጆቿ የሚያድሩት በዚያች እፍኝ ነበር። በዚያ ዓመት በእኛ በኩል እህል ጭኖ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ መኪና መኖሩ ራሱን የቻለ ወግ ነው፤ እኔ ግን የጀመርኩት ስለ ጉድጓድ ነውና አላቋርጠውም።

አንድ ቀን አዲሱን ኮቴን ለብሼ፣ ለአንድ ጎረቤቴ የተከበረ ሰው እንዴት መራመድ እንዳለበት እያስረዳሁ ስሄድ ገባሁበት። በግንባሬ ነው የገባሁት። ጎረቤቴ ዘወር ሲል አጥቶኝ ሱቅ ውስጥ ሊፈልገኝ ሄደ። ዘሀራና ልጆቿ እጄን ይዘው አወጡኝ። “አብሽር አያ፣ አብሽር” እያለች ኮቴን ማራገፍ ጀመረች። ስታራግፍም ዝም ብላ አይደለም፤ ከደረቴ፣ ከኪሴ፣ ከክርኔ ላይ አንድ በአንድ ነው የምትለቅመው። ልጆቿም ሱሪዬን ይዘውልኛል። በዚህ ክፉ ዘመን እንኳ ሰው ትልቅ ሰውን ያከብራል ብዬ ልቤ ተነካና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጀርባዬንም አዞርኩላት።

ለካስ የወደቅሁት ልጆቿ በጠረጉት ማሽላ ላይ ነበር። ከኮቴ ላይ የምትለቅመው እራታቸውን ነው። ይህ ሲገባኝ ዘግይቷል። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ቢኖር እኔን የሚያህል ሰው የጣለ ጉድጓድ ዝም ሊባል እንደማይገባው ብቻ ነው።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው አቶ ጌጡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር። ስለ መንገድ፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ እግረኛ መብት ግድግዳ ላይ ያነበብኩትን ሁሉ ስነግረው እስክጨርስ ጠበቀኝና ጉድጓዱ ከመኪናው መንገድ ነው ወይስ ከእግረኛው ብሎ ጠየቀ። ከሁለቱም ነው አልኩት።

“ከሁለቱም ከሆነማ የሁለታችንም አይደለም፤” አለኝ።

የመኪናው መንገድ የመንገድ ሠራተኞቹ ነው፣ ወደ እነሱ ሂድ ተባልኩ። ሄድኩ። የሠራተኞቹ አለቃ ድንኳኑ ጥላ ሥር ተኝቶ ሲሰማኝ ቆየና ጉድጓዱ የጀመረው ከየት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከእግረኛው ከጀመረ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ከመኪናው ከጀመረ የእኛ ነው አለ። ጉድጓድ እንደ ወንዝ ምንጭ እንዳለው ያን ቀን ተማርኩ። ተመልሼ አቶ ጌጡ ዘንድ ሄድኩ፤ እሱም መልሶ ወደ ሰውየው ላከኝ። በዚህ መካከል ጉድጓዱ አልሰነፈም፤ በበኩሉ ሰፋ።

ደጅ መጥናቱን ልተወው ስል ነገሩ በራሱ ተገለበጠ። ከበላይ አንድ ትልቅ ሰው በመንገዳችን ሊያልፉ ነው ተባለ። የዝናቡን መዘግየት በዓይናቸው አይተው ምንም ችግር የለም ብለው ሊመለሱ ነው። አቶ ጌጡ በእግሩ ሱቄ ድረስ መጣ። ጉድጓዱ በአንድ ሌሊት የማዘጋጃ ቤቱ ሆኗል። ቁመቱ ስንት ነው፣ አሁኑኑ ለክተህ ንገረኝ አለኝ።

ሜትር አልነበረኝም። ሜትር የሌለው ሰው አይለካም ያለ ግን የለም። ገበያተኛው እያየኝ ከጉድጓዱ አጠገብ በጀርባዬ ተጋደምኩና እግሬን ከአንዱ ጫፍ፣ አናቴን ከሌላው ጫፍ አስተካከልኩ። ልክክ አለ። “ልክ በኔ ቁመት ነው፤ ለኔ የተቆፈረ ይመስላል፤” ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰዉ ዝም አለ። እኔ ዝምታውን ለብልሃቴ የተሰጠ አድናቆት አድርጌ ወሰድኩት።

ማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ለፋፊ አልነበረውም። ያለው የቅሬው ለፋፊ አያ ሙሄ ነው። ቅሬ በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ሳይል ሰው ሲሞት የሚወጣው የመንደሩ ማኅበር ነው። አያ ሙሄ ሲጣራ ያልወጣ ወንድ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቢቀር እሱ የሞተ ዕለት ማን ይወጣለታል? አያ ሙሄ ድምፁ ከዚህ ቢጣራ ሮቢት የሚሰማ ሰው ነው። ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ የተጣራው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበርና ሌላ አጠራር አያውቅም። አቶ ጌጡ በዋዜማው ጠርቶ፣ በእገሌ ሱቅ ደጃፍ ጉድጓድ አለና ወንድ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ በጠዋት ይውጣ በል አለው። የሚያልፉትን ትልቅ ሰው ግን እንዳያነሳ አስጠነቀቀው።

ያን ጠዋት እኔ ባለቤቴን ሳልቀሰቅስ ጎህ ሳይቀድ ወደ መንገድ ሠራተኞቹ ድንኳን ሄጃለሁ። አፈር ማመላለሻ ባሬላ ልዋስ ነው። እንጨት ለእንጨት የተያያዘ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ የሚይዘው ዓይነት ነው። ብቻዬን ጫንቃዬ ላይ አድርጌው ስመለስ የአያ ሙሄን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ።

“ጉድጓድ! በባለሱቁ ደጃፍ ጉድጓድ! ወንድ የሆንክ ዶማህን ይዘህ ውጣ!”

ስሜ በከተማ ሲጠራ መስማት እወዳለሁና እግሬ ፈጠነ። ከተማዋ መግቢያ ስደርስ ግን ዋይታ ሰማሁ። ወንዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቱ ወገቡን አስሮ ይጎርፋል። አንድ የማላውቀው የዋጃ ሰው ጫንቃዬ ላይ ያለውን ባሬላ አይቶ ሰዉን ገለል አድርጉ አለ።

“ቃሬዛው መጣ! ወንድሜ፣ ምነው ዘገየህ?”

ማን ሞቶ ነው አልኩት።

“ባለሱቁ ነው አሉ።”

“የትኛው ባለሱቅ?”

“እኔ አላውቀውም። ያ ብዙ የሚያወራው ነው ያሉኝ።”

እኔ በዚያች ሰዓት ከራሴ በቀር የከተማውን ባለሱቅ ሁሉ በሐሳቤ ቀበርኩ። ብዙ የሚያወራ ሲሉኝ ማዶ ያለው ተፎካካሪዬ ትዝ አለኝ። የቂም ሰው አይደለሁምና ባሬላውን እንደተሸከምኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ “ወንድሜ ወንድሜ” እያልኩ አለቀስኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ አልቅሼ አላውቅም። እያለቀስኩ ሄጄ ሄጄ የቆምኩት ከራሴ ግቢ ነው።

ግቢዬ ጢም ብሏል። አልቃሿ መሐል ገብታ በስሜ ታወርዳለች።

“ጉድጓድ አለ እያለ ደጅ ሲጠና ከርሞ፣
ለካስ ለራሱ ነው ያስለካው አስቀድሞ።”

ቤት መምታቱን አደነቅሁ። የሚያለቅሱት ማንን እንደሆነ የገባኝ ከአድናቆቱ በኋላ ነው። ባለቤቴ የሺ ደረቷን እየደቃች ቀና ስትል ከባሬላው ሥር ዓይኔን አየችው። አልቃሿም አየችኝ፤ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አያ ሙሄ ተጠግቶ ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና፣ “ወላሂ፣ እኔ ጉድጓድ ነው ያልኩ፤ ሞተ የሚል ከአፌ አልወጣም፤” አለኝ። እውነቱን ነው። ግን በዚያ ዓመት በጠዋት ጉድጓድ ተብሎ ሲጣራ የመንገድ ጉድጓድ ነው ብሎ የሚሰማ ጆሮ ከየት ይመጣል?

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል፤ እኔም ልስቅ አፌን አዘጋጅቼ ነበር። ዓይኔን ወደ አጥሩ ጥግ ሳዞር ግን ሌሎቹን አየኋቸው። ከመንገዱ ዳር የተነሱት ሰዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። ዘሀራና ልጆቿም አሉ። አንዳንዱ የተሰበረ ቅል ይዟል፣ አንዳንዱ የቁልቋል ቅጠል፣ ሌላው እጁን ብቻ። የመጡት ለእኔ አይደለም። ለቅሶ ቤት ንፍሮ አለ። ልመና ሳይሆን፣ ማንም ሳያዋርዳቸው፣ እንደ ሰው ለቅሶ ደርሰው እፍኝ ንፍሮ ሊቀምሱ ነው የመጡት።

አንድ ሽማግሌ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ተረፉ፤” አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ተመርኩዘው ለመሄድ መነሳት ጀመሩ። ለመነሳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዘሀራ ልጆቿን ያዘችና፣ “ደስ ብሎናል አያ፣ ዕድሜ ይስጥዎት፤” ብላ ምርቃቱን እንኳ አላጎደለችብኝም። ትንሹ ልጅ ግን ቅሉን አላወርድ አለ።

በመሞቱ ያፈረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ በመኖሬ አፈርኩ። የተሸከምኩትን ባሬላ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

የሺ እንባዋን ጠረገች። “ተቀመጡ፤” አለቻቸው። “ለቅሶ ቤት የገባ ሰው አፉን ሳያሽር አይወጣም።”

“የሺ፣ ማን ሞተና?” አልኳት በጆሮዋ።

“አንተ ዝም በል። ዛሬ አንተ የለህም።”

እዚህ ላይ እስካሁን ያልነገርኳችሁን ሌላ ጉድጓድ መንገር ሊኖርብኝ ነው። በራያ ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ተቆፍሮ፣ አፉ በአፈር ተደፍኖ ነው። ከጓሯችን አንድ ነበረን። ለዘር ነው ብዬ ነበር የደፈንኩት። ዘር ነው ማለት ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው ሲጠይቅህም ራስህ ስትጠይቅም መልስ ይሆናል። ስለ መንገዱ ጉድጓድ ከቢሮ ቢሮ የጮህኩት ሰውዬ ስለዚያኛው ጉድጓድ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የሺ አካፋ ከያዙት ወንዶች ሁለቱን ጠርታ አስከፈተችው። ብዙ ሰው ቆሞ ስለነበር በየትኛው ጉድጓድ ይበልጥ እንዳፈርኩ ማንም አልጠየቀኝም።

ድስቱ ተጣደ። ቀሪው ወንድ ደግሞ ዶማ ይዞ ወጥቶ ባዶ እጁን መመለስ ነውር ሆነበትና ወደ መንገዱ ጉድጓድ ሄደ። እኔም የጀመርኩትን ሥራ ላስፈጽም ተከተልኳቸው፤ በእውነቱ ከግቢው ለመሸሽ ነው። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሊወርድ ሲል ዘሀራ እየሮጠች መጣች። መሮጥ የምትችልበት አቅም አልነበራትም፤ ቢሆንም ሮጠች።

“አያ፣ ይሄን ነው እንዴ የሚደፍኑት?”

ይሄን ነው አልኳት። ሥልጣኔ ስለሚባል ነገር ላስረዳት ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

“ማሽላው ታዲያ የት ይውደቅልን?” አለችኝ።

ኮቴን እንዴት እንዳራገፈችልኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ጀርባዬን እንዴት እንዳዞርኩላትም ትዝ አለኝ። ፊቴ ነደደ። የዛሬው ድስት ለዛሬ ነው፤ የጓሮው ጉድጓድም ይህን ሁሉ ሰው የሚያቆየው ለጥቂት ቀን ነው፤ ለነገ ያላት ይሄው መንገድ ላይ ያለው ነው። አካፋውን አቁም ልል ስል ግን አቶ ጌጡ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ትልቁ ሰው ከቆቦ ተነስተዋል፤ መንገዱ ደግሞ በለቀስተኛ፣ በዶማና በተራበ ሰው ተሞልቷል። ሳይርበው የዘገየ ዝናብ የሚጠብቅ የሚመስል አንድም ሰው አልነበረም።

“ይሄ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?” አለኝ።

“ለጉድጓድ የወጣ ነው።”

“የማን ጉድጓድ?” ብሎ ፊቱ አመድ መሰለ። የመቃብር ነው ቢባል ሞት አለ ማለት ነው። የመንገድ ነው ቢባል ማዘጋጃ ቤቱ አልሠራም ማለት ነው።

እኔ እውነት ተናጋሪ ነኝ ብዬ ስኩራራ የኖርኩ ሰው፣ አካፋ እንዳይወርድበት ብዬ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩና ቆምኩ። እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

“አቶ ጌጡ፣ ጉድጓድ የለም፤” አልኩ።

እግሬን አየ። የሌለ እግሬን ማለቴ ነው።

“የለም?”

“ምንም ጉድጓድ የለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሥራ ስለሌለም ሰዉ አሁኑኑ ወደ ግቢዬ ይገባል፤ ለንፍሮ።”

ሰዉን ከመንገድ ማንሳት ጉድጓድ ከመድፈን እንደሚፈጥን ገብቶታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አመልካቹ ራሱ የለም ካለ የለም፤” አለ። “ምን ይደንቃል። እኔም ስለ ሌላው ነገር ወደ በላይ የምናገረው እንዲሁ ነው።” ሲዞር ትከሻው ወድቆ ነበር። ሁለታችንም በአንድ ቃል አፈርን፤ የእኔ ግን ቢያንስ ጉልበት ድረስ ብቻ ነበር።

ሰዉ ግቢ ገባና በሩ ተዘጋ። እኔ ሱቄ በር ላይ ሆኜ ትልቁ ሰው ሲያልፉ አየሁ። ጥቁር መኪናቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ክፉኛ ነጠረች። የዘሀራ ትልቁ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ይመለከት ነበር። ከመኪናዋ ምንም አልፈሰሰም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ታዲያ ምን ሠራህ የሚለኝ ይኖራል። ሥራዬን ልቁጠርለት።

የእግረኛውን ድንጋይ በዚያው በወጣው ቅሬ አስተካክዬ አስነጥፌአለሁ። ማሽላ የሚለቅም ሰው የሚንበረከክበት ለጥ ያለ ቦታ አግኝቷል።

ማዘጋጃ ቤቱ ያለውን ጉድጓድ የለም ብሎ እንዲያምን አድርጌአለሁ። ይህ ከባድ አልነበረም፤ ልምዱ ነበረው።

በቁሜ ተለቅሶልኛል። የሺ ስለ እኔ ደረቷን እንደደቃች ምስክር አለኝ፤ እሷ ግን ያለቀስኩት ድስቱን አስቤ ነው እያለች ዛሬም ትክዳለች።

የጓሮው ጉድጓድ እስኪያልቅ ድረስ በየጠዋቱ በስሜ ንፍሮ ተቀቅሏል። የሞትኩበት ቀን ተቆጥሮ፣ ሳልስቱም ሰባቱም ወጥቶልኛል። ዘር አልቀረልንም። የተዘራው ከሰው በተለመነ ዘር ነው፤ እሱንም የለመንኩት እኔ ነኝ፣ በሦስት ቋንቋ።

የመንገዱን ጉድጓድ አላስደፈንኩም። መኪናዎቹ ሲነጥሩ ከረሙ።

ዘሀራ ዝናቡ ሲመጣ ወደ ቆላ ተመለሰች። ስትሄድ ሁለቱም ልጆቿ አብረዋት ነበሩ። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ጉድጓዱ ነው። የእኔ ድርሻ “ጉድጓድ የለም” ማለት ብቻ ነበር።